ሬጅስትሬሽን ሴቭ ማድረግ፦ ኪቦርዳችሁን ለመድረክ እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

ሰርግ ላይ ዘፋኙ አንዱን ዘፈን በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይገባል። ኪቦርዲስቱ በዚያች ቅጽበት ስታይል (የአጃቢውን ምት) መቀየር፣ የቀኝ እጁን ድምፅ ከስትሪንግ ወደ ዋሽንት ማዞር፣ ቴምፖ (ፍጥነት) ማስተካከል፣ ትራንስፖዝ (ዘፈኑን በግማሽ ቶን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረጊያ) መንካት ይኖርበታል። አንድ በአንድ እየነካካሁ ልድረስበት ካለ አይደርስበትም። ሬጅስትሬሽን ሜሞሪ የተሠራው ለዚህ ነው። ያዘጋጃችሁትን ሁሉ አንድ ቁልፍ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሲያስፈልጋችሁ ያንኑ ቁልፍ ነክታችሁ ትጠሩታላችሁ።

ቁልፉን የማያውቀው ኪቦርዲስት ጥቂት ነው። ችግሩ ብዙው ሰው ግማሽ መንገድ ላይ መተዉ ነው። ቁጥሩ ላይ አስቀምጦ ባንኩን፣ ማለትም ቁጥሮቹን በአንድ የሚይዘውን ፋይል፣ ሴቭ ሳያደርግ ይነሳል። ወይም ሁሉንም በትክክል ሴቭ አድርጎ፣ መድረክ ላይ ቁልፉን ሲነካ ቴምፖው ይዘልበታል፣ የዘፈኑ ኪ (የድምፅ ከፍታው) ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ሴቭ ማድረጉን ብቻ ሳይሆን ምኑን ሴቭ ማድረግ እንደሌለባችሁም እናያለን። እንዲያውም ከባዱ እሱ ነው።

ምሳሌዬ ያማሃ ፒኤስአር-ኤስኤክስ900 ነው። የኤስኤክስ700ም አሠራር ያው ነው። ሌላ ኪቦርድ ላላችሁ ወደ ታች ጥቂት ነገር ጽፌያለሁ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ስለሆነ ከላይ ጀምሮ ማንበቡ አይጎዳችሁም።

በነገራችን ላይ ይሄ ምቾት ድሮ አልነበረም። የሲንተሳይዘር ተጫዋቾች የቁልፎቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ እየሳሉ ይይዙ ነበር፤ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሄዱ ወረቀቱን እያዩ በእጃቸው ያዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 40 ድምፅ ማስታወስ መቻሉ ለዚያ ጊዜ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። በ1983 የመጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ደግሞ 32 ድምፅ ይይዛል። የሚያስታውሰው ግን በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ የሠራችሁት ሁሉ አብሯት ይሄዳል።

ምኑ ነው የሚቀመጠው?

ሬጅስትሬሽን የሚይዘው የኪቦርዱን አቀማመጥ ነው። የትኛው ስታይል እንደተመረጠ፣ ራይት 1፣ ራይት 2፣ ራይት 3 እና ሌፍት ላይ የትኞቹ ድምፆች እንዳሉ፣ የእያንዳንዳቸው ቮልዩምና ኦክታቭ፣ ስፕሊቱ (የግራና የቀኝ እጅ መለያው) የት ላይ እንደሆነ፣ ቴምፖ፣ ትራንስፖዝ፣ ሃርሞኒ፣ መልቲ ፓድ፣ የፔዳል ሥራ፣ የማይክ ኢፌክት ሁሉ ይገባል። ማስተር ቮልዩም ግን አይገባም። እሱ ሁልጊዜ በእጃችሁ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሬጅስትሬሽን ስታይሉን ራሱን ወይም ድምፁን ራሱን አይቀዳም፤ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚመዘግበው። ከጓደኛ ያገኛችሁትን የቺክቺካ ስታይል ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሬጅስትሬሽን ሠራችሁ እንበል። በኋላ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ብታዛውሩት ወይም ስሙን ብትቀይሩት ሬጅስትሬሽኑ አያገኘውም። ፍላሹን ቤት ረስታችሁ ከወጣችሁም ያው ነው። በኤክስፓንሽን (በተጨማሪ የድምፅ ጥቅል) የጫናችሁት የማሲንቆ ወይም የክራር ድምፅም እንዲሁ፤ ድምፁ ያልተጫነበት ኪቦርድ ላይ ባንኩን ብትከፍቱት የጠበቃችሁትን አትሰሙም። ስለዚህ አዘውትራችሁ የምትጫወቱባቸውን ስታይሎች መጀመሪያ ወደ ኪቦርዱ ዩዘር ሜሞሪ ኮፒ አድርጓቸው። ፎልደራቸውን አስተካክሉ፣ ስማቸውን ጨርሱ። ሬጅስትሬሽን መሥራት የምትጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. አቀማመጡን አዘጋጁ። ስታይሉን፣ ድምፆቹን፣ ቴምፖውን አስተካክሉና ዘፈኑን ከመግቢያው እስከ አዝማቹ አንዴ ተጫወቱት። ሳይጫወቱ ሴቭ ማድረግ ሥራን እጥፍ ያደርጋል።

2. ከሬጅስትሬሽን ቁጥሮቹ ጎን ያለውን ሜሞሪ የሚል ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ የሚቀመጡት ነገሮች ዝርዝር ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጎን ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለው።

3. የምትፈልጉትን ምልክት አድርጉ፣ የማትፈልጉትን አንሱ። ምልክቱ የተነሳበት ነገር በኋላ ቁልፉን ስትነኩ ባለበት ይቆያል። ይህቺን ቦታ በጥድፊያ አትለፏት፤ ለብቻዋ እመለስባታለሁ።

4. ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁልፎች አንዱን ተጫኑ። በቃ፣ ተቀምጧል። መብራቱ ቀይ ከሆነ በውስጡ የተቀመጠ ነገር አለ፣ አሁን የተመረጠውም እሱ ነው። ሰማያዊ ከሆነ የተቀመጠ ነገር አለ፣ ግን አልተመረጠም። መብራት ከሌለው ባዶ ነው። በሰማያዊው ወይም በቀዩ ላይ ደግማችሁ ካስቀመጣችሁ የድሮው ይጠፋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት መብራቱን እዩ።

5. ለቀሩት ቁጥሮች ይህንኑ ድገሙ።

6. አሁን ባንኩን ሴቭ አድርጉ። አሥሩ ቁልፎች አንድ ላይ አንድ ባንክ ናቸው፤ ባንክ ማለት ደግሞ አንድ ፋይል ነው። የሬጅስት ባንክ ፕላስና ማይነስን እኩል ስትጫኗቸው የባንኮቹ ዝርዝር ይከፈታል። ሴቭ የሚለውን ንኩ፣ ስም ስጡት፣ ዩዘር ላይ ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ይህን ሳታደርጉ ወደ ሌላ ባንክ ከሄዳችሁ ልፋታችሁ አፈር በላ።

ስሙን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፉት። ከፊቱ ቁጥር አድርጉለት፦ 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ። ፋይሎቹ በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ፕላስና ማይነሷም በዚያው ፎልደር ውስጥ ካለ ባንክ ወደ ባንክ ያራምዷችኋል። «አዲስ»፣ «አዲስ2»፣ «የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ከሦስት ወር በኋላ ለራሳችሁም እንቆቅልሽ ይሆናሉ።

የተቀመጠውን ማሻሻል ስትፈልጉ ቁልፉን ጠርታችሁ ትቀይራላችሁ፣ ሜሞሪ ትጫናላችሁ፣ ያንኑ ቁጥር ትነካላችሁ። ከዚያ ባንኩን በድሮ ስሙ ላይ ደግማችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ሁለተኛዋ እርምጃ ናት የምትረሳው።

ቴምፖ፣ ትራንስፖዝ፣ ስኬል

መድረክ ላይ የሚያጋልጡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

መጀመሪያ ቴምፖ። አንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ቁልፍ ትጠቀማላችሁ እንበል፦ ለመግቢያው፣ ለግጥሙ፣ ለአዝማቹ። ልምምድ ላይ ሦስቱንም በ118 አስቀመጣችሁ። መድረክ ላይ ዘፋኙ ሞቅ ብሎት «ጨምርበት» አላችሁና 124 አደረሳችሁት። አዝማቹ ሲደርስ 3 ቁጥርን ትነካላችሁ፤ ቴምፖው ወደ 118 ይመለሳል። ጨፋሪው ሁሉ እግሩ ይተሳሰራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዘፈኑ የሚጀመርበትን ቁልፍ ብቻ ከነቴምፖው አስቀምጡ። የቀሩት ላይ የቴምፖን ምልክት አንሱ።

ትራንስፖዝም እንደዚሁ ነው። ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት «ግማሽ ቶን አውርድልኝ» ካለ ያወረዳችሁት ነገር ቀጣዩን ቁልፍ ስትነኩ ወደ ቦታው ይመለስና ከዘፋኙ ጋር ትለያያላችሁ። ከተለያየ ዘፋኝ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ትራንስፖዝን ጨርሶ አታስቀምጡ ባይ ነኝ። ሁልጊዜ ከአንድ ባንድ ጋር፣ ኪው በማይቀየር ዘፈን የምትሠሩ ከሆነ ግን ብታስቀምጡት ይጠቅማችኋል።

ስኬል ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስኬል ቲዩን ላይ አንዳንድ ኖታዎችን በሳንቲም ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግማሽ ቶን 100 ሳንቲም ነው። አንቺሆዬ ስትጫወቱ፣ በሲ ከሆነ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ፣ ከጎናችሁ ማሲንቆ ካለ አንዱ ኖታ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ሊል ይችላል። ስለዚህ ያንን ኖታ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ 5 ቁጥር ላይ አስቀመጣችሁ። መልካም። አሁን ወደ 6 ቁጥር፣ ወደ ትዝታ ሜጀር ሄዳችሁ። 6 ቁጥርን ስትሠሩ የስኬልን ምልክት አንስታችሁ ከነበረ የ5 ቁጥሩ ቅኝት አይለቃችሁም። ዝቅ ያለው ኖታ አብሯችሁ ይመጣል። ፒያኖው የተበላሸ ይመስላል፤ ጊታሪስቱ እናንተን ያያል፣ እናንተ ጊታሪስቱን ታያላችሁ። ስለዚህ አንድም ቁልፍ ላይ ስኬል ከነካችሁ፣ በዚያ ባንክ ያሉት አሥሩም ላይ የስኬል ምልክት ይኑር። ያልተነካባቸውም ተራውን ቅኝት ይዘው ይቀመጡ።

ይሄ ሁሉ የሚወሰነው ሴቭ ስታደርጉ ነው። ስትጫወቱ የሚወሰን ሌላ መንገድም አለ፤ ፍሪዝ ይባላል። ሜኑ ውስጥ ሬጅስት ፍሪዝ የሚለውን ከፍታችሁ፣ ባሉበት እንዲቆዩ የምትፈልጓቸውን ታመለክታላችሁ። ከዚያ ፍሪዝን ስታበሩ የትኛውንም ቁጥር ብትነኩ እነሱ ንቅንቅ አይሉም። ድንገት ዘፋኝ ሲቀየር ትራንስፖዝን ፍሪዝ ማድረግ በጣም ያሳርፋል። ምሽቱ ሲያልቅ ግን አጥፉት። አለበለዚያ በማግስቱ «ይሄ ኪቦርድ ምን ነካው?» ማለታችሁ አይቀርም።

ቮልዩሙ እኩል ይሁን

ቤት ውስጥ በሄድፎን የተሠራ ባንክ መድረክ ላይ ሲወጣ ብራሱ ይጮኻል፣ ዋሽንቱ ይጠፋል። ሳውንድ ማኑ ፌደሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ያመሻል። ትንሽ ቆይቶ ይታክተውና አንዴ ዝቅ አድርጎ ይተዋችኋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። 1 ቁጥርን መለኪያ አድርጉ፤ ፒያኖ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። አንድ አጭር ዜማ ምረጡና በተመሳሳይ ጉልበት 1 ላይ ተጫወቱት፣ 2 ላይ ድገሙት፣ ወደ 1 ተመለሱ፣ 3 ላይ ድገሙት። ስታይሉ እየሄደ መሆን አለበት፤ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ትልቅ የመሰለው ከከበሮና ከቤዝ ጋር ሲሆን ይሟሽሻል። ከፍ ያለውን ከሚክሰር ላይ የዚያን ፓርት ቮልዩም ዝቅ አድርጉና መልሳችሁ አስቀምጡት። ያነሰውን ከፍ ከማድረግ የበዛውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። ሊድ የምትጫወቱባቸው ቁልፎች ከአጃቢዎቹ ትንሽ ከፍ ቢሉ ደግ ነው። ትንሽ ነው ያልኩት። ይህን በሄድፎን ጀምሩት፤ ስትጨርሱ ግን በስፒከር ስሙት። ልምምድ ቦታ ያለው ስፒከር ከቤታችሁ ይሻላል።

ባንኩን በምን እንከፋፍል?

ይሄ በሥራችሁ ይወሰናል። ቤተ ክርስቲያን የምታገለግሉ ከሆነ የሚዘመረው ቀድሞ ይታወቃል፤ ለአንድ መዝሙር አንድ ባንክ መሥራት ትችላላችሁ። 1 መግቢያ፣ 2 ግጥም፣ 3 አዝማች፣ 4 የጸሎት ጊዜ ፓድ እያላችሁ። በሁሉም ባንክ ላይ ቁጥሮቹ ተመሳሳይ ትርጉም ይኑራቸው። 4 ሁልጊዜ ፓድ ከሆነ እጃችሁ ሳታስቡት ይሄዳል።

ሰርግና የምሽት ቤት ግን ሌላ ነው። የሚዘፈነው የሚታወቀው ሲጀመር ነው። እዚያ በዘፈን የተከፋፈለ ባንክ ስትፈልጉ ዘፈኑ ያልቃል። በምት መከፋፈሉ ይሻላል፦ አንድ ባንክ ለቺክቺካ፣ አንዱ ለዝግታ ትዝታዎች፣ አንዱ ለጉራግኛ፣ አንዱ ለኦሮምኛ፣ አንዱ ለትግርኛ። የቺክቺካውን ባንክ ብንወስድ፣ 1 ላይ ስታይሉና ስትሪንጉ፣ 2 ላይ ዋሽንት፣ 3 ላይ ማሲንቆ፣ 4 ላይ ብራስ፣ 5 ላይ የሲንት ሊድ ይሁን። ከ2 እስከ 5 ያሉት ላይ የስታይልንም የቴምፖንም ምልክት አንሱ። እንዲህ ከሆነ ምቱ ሳይነካ ድምፅ ብቻ እየቀያየራችሁ ሌሊቱን ሙሉ መሄድ ይቻላል። 10 ቁጥርን ለመሸሸጊያ ተዉት፦ ተራ ፒያኖ፣ ትራንስፖዝ ዜሮ፣ ተራ ቅኝት፣ ሃርሞኒ የጠፋበት። ሁሉ ነገር ሲደበላለቅ እዚያ ትገባላችሁ።

በእግር መቀየር

ሁለቱም እጅ ሲያዝ ፔዳል ይረዳል። ሜኑ ውስጥ ሬጅስት ሲክዌንስ የሚባል አለ። ቁጥሮቹ የሚመጡበትን ቅደም ተከተል ትጽፉለታላችሁ፤ ለምሳሌ 1፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3፣ 4። ከዚያ አንዱን ፔዳል ወደፊት መቀጠያ ታደርጉታላችሁ። በረገጣችሁ ቁጥር ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ይቁም፣ ወደ መጀመሪያው ይመለስ ወይስ ወደሚቀጥለው ባንክ ይግባ የሚለውንም ትመርጣላችሁ። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ባንኩ ፋይል ውስጥ ስለሆነ ስትጨርሱ ባንኩን እንደገና ሴቭ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ለማይቀየር ነገር፣ ለመዝሙር ወይም ለኮንሰርት፣ ድንቅ ነው። ለሰርግ አልመክረውም፤ ዘፋኙ አንድ ቤት ከዘለለ ፔዳሉ አብሮ አይዘልም።

ብዙ ባንክ ሲኖራችሁ ደግሞ ፕሌይሊስት አለ። የዘፈኑን ስም ትመዘግባላችሁ፣ ከየትኛው ባንክ የትኛው ቁጥር እንደሚጠራ ትነግሩታላችሁ። እሱም የሚይዘው ፋይሉ ያለበትን ቦታ ነው። ባንኮቻችሁን ፎልደር ሳትጨርሱላቸው ፕሌይሊስት አትጀምሩ።

ሌላ ኪቦርድ ላላችሁ

ያማሃ ፒኤስአር-ኢ463 አራት ቁልፍና ስምንት ባንክ አለው፤ በድምሩ 32 ቦታ። የሜሞሪ ቁልፉን ይዛችሁ ከ1 እስከ 4 አንዱን ትነካላችሁ። ኮርግ ፒኤ ላይ የድምፆቹ አቀማመጥ ኪቦርድ ሴት ይባላል፤ ዘፈን በዘፈን የሚያዘው ሶንግቡክ ላይ ነው። ያማሃ ሞዲኤክስ ደግሞ ላይቭ ሴት አለው፤ አንድ ገጽ ላይ 16 ቦታ ያሳያችኋል፣ ስክሪኑን በጣት ትነካላችሁ። ስታይል የለውምና እዚያ የቴምፖ ጭንቀቱ ይቀንሳል፤ የቮልዩሙ ነገር ግን ያው ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ኪቦርዱን አጥፉና አብሩት። ባንኩን ከፋይሉ ክፈቱና አሥሩንም ቁልፍ አንድ በአንድ እየነካችሁ ስሙ። ልክ የሚመስለው ነገር ገና ስላልጠፋ ብቻ ልክ ሊመስል ይችላል።

ኤስኤክስ900 ለ30 ደቂቃ ካልተነካ በራሱ ይጠፋል። ሰርግ ላይ ምግብ ሲበላ ወይም ንግግር ሲበዛ 30 ደቂቃ ምንም አይደለም። ሜኑ ውስጥ ዩቲሊቲ ገብታችሁ አውቶ ፓወር ኦፍን ዝጉት። መብራት ቢሄድባችሁ ሴቭ ያደረጋችሁት አይጠፋም፤ ሴቭ ሳታደርጉ የነካካችሁት ግን ይጠፋል። ሴቭ እያደረገ ሳለ ግን ፍላሽ አትንቀሉ፣ አታጥፉትም። መብራቱ የማያስተማምን ከሆነ ይህን ሥራ ጄኔሬተር ሲቀያየር አትሥሩት።

ከዚያ ባካፕ። ዩቲሊቲ ውስጥ ባካፕ የሚለው ዩዘር ሜሞሪውንና ሴቲንጎቹን በአንድ ፋይል ፍላሽ ላይ ያወጣላችኋል። ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ታገሱት። የኤክስፓንሽን ድምፆችን ግን አይጨምርም፤ የጫናችሁበትን ፋይል ለብቻው ኮምፒውተር ላይ አኑሩት። ፍላሹን ኪቦርዱ ላይ ራሱ ፎርማት ብታደርጉት ይሻላል፤ ያለበትን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አትርሱ። ባካፕ ያለበትን ፍላሽ ከኪቦርዱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት።

አንድ ቀን ባይመቻችሁና ሌላ ኪቦርዲስት ቢተካችሁ፣ የባንኩን ፋይል ብቻ መስጠት አይበቃም። ስታይሎቹን ጨምሩለት፣ በተመሳሳይ ፎልደር ውስጥ። ኤክስፓንሽን ካለ እሱንም፤ የእሱ ኪቦርድ ያው ሞዴል ካልሆነ ደግሞ አስቀድሞ ይሞክረው። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 10 ያሉት ምን እንደሆኑ ጻፉለት፤ የትኞቹ ቴምፖ እንደሚቀይሩ፣ የትኞቹ እንደማይቀይሩ ለይታችሁ።